ስለ ታችኛው ድምፅ፤ ለቤዝ ጊታር የኦክታቭ ፔዳል አመራረጥ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፦ ቤዝ ጊታር ብቻውን፣ በትዝታ ቅኝት፤ ጥቂት ከተሰማ በኋላ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን በተለይ የሚመለከተው፣ በቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ቤቶችም ሆነ በዚያው በቂሊንጦ በሚገኘው በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ፣ ከትምህርትና ከሥራ በተረፈቻቸው ሰዓት ቤዝ ጊታራቸውን ታቅፈው የሚለማመዱትን ወጣቶች ነው፤ ይሁን እንጂ ሙዚቃን በጆሮ ብቻ የሚያፈቅሩት ወገኖቻችንም ከእኛ እንዳይለዩ እንለምናለን፤ የድምፅን ጠባይ ማወቅ ለሚያደምጠውም ደስታን ያበዛልና።

የምንነጋገረው ኦክታቭ ፔዳል ስለሚባለው፣ በእግር እየተረገጠ ስለሚሠራው ትንሽ የብረት ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን በቤዝ ጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል በኬብል ይገባና፣ ተጫዋቹ አንድ ድምፅ በመታ ቁጥር ያንኑ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዱም ዐይነት ከፍ አድርጎ፣ ከዋናው ጋር አጣምሮ ያወጣዋል። ታዲያ ከብዙዎቹ መካከል የትኛውን እንግዛ? በምንስ እንለየው?

(አጭር ዕረፍት)

ከሁሉ አስቀድመን ኦክታቭ ምን እንደ ሆነ እንረዳ። በሰንበት ምእመናን ተሰብስበው አንድ መዝሙር በኅብረት ሲዘምሩ አስተውላችሁ ታውቃላችሁን? አረጋውያኑ በወፍራም ድምፃቸው፣ ሴቶችና ሕፃናት በቀጭን ድምፃቸው ያዜማሉ፤ ዜማው ግን አንድ ነው፤ ማንም ሰምቶ «እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዜማዎች ናቸው» አይልም። የሕፃኑ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው የአረጋዊው ድምፅ ከሚንቀጠቀጠው እጥፍ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ኦክታቭ ይባላል። እጥፍ ሲሆን አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ፣ እኩሌታ ሲሆን አንድ ኦክታቭ ወደ ታች። ይህን አንድ ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚወለድ ነውና።

ከዚህም የተነሣ ኦክታቭ ፔዳል ለእኛ ዜማ ከሌሎች የድምፅ መጨመሪያ መሣሪያዎች ይልቅ የሚስማማበት ምክንያት አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ሲሆኑ፣ የቅኝቱ ጣዕም የሚጠበቀው ከአምስቱ ውጭ ባዕድ ድምፅ ባለመግባቱ ነው። ለምሳሌ በሜጀር ትዝታ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚሉት ድምፆች ላይ፣ የተመታውን ድምፅ በአምስተኛው የሚያጅብ የሃርሞኒ ፔዳል ብትረግጡ፣ ጣታችሁ ሚ ላይ ባረፈች ጊዜ መሣሪያው ሲን ይጨምራል፤ ሲ ደግሞ ከቅኝቱ ውጭ ናት። ኦክታቭ ፔዳል ግን ለሚ ሌላ ሚ፣ ለሶል ሌላ ሶል ብቻ ይሰጣል። በየትኛውም ቅኝት ብትጫወቱ፣ በየትኛውም መነሻ ድምፅ ብትጀምሩ፣ ቅኝቱን አያፈርስም።

(ሙዚቃ፦ ያው የትዝታ ዜማ፣ አሁን ከታችኛው ኦክታቭ ጋር ተጣምሮ፤ ዝቅ ይላል)

ስለ ታችኛው ድምፅ ስንናገር፣ ይህ ድምፅ በአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ ያሳለፈውን ታሪክ ሳያወሱ ማለፍ አይገባም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ይዘው አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ፣ የባንዱን ወፍራም ድምፅ የሚሸከሙት ትላልቆቹ የነሐስ ጡሩምባዎች ነበሩ። በኋላ በክብር ዘበኛና በሌሎቹ የመንግሥት ኦርኬስትራዎች ዘንድ ባለ ክር ኮንትራባስ ይህንኑ ማዕርግ ተካፈለ፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ የሚሠራው ቤዝ ጊታር መጣና የሁሉም ወራሽ ሆነ።

የቤዝ ጊታርን ኃይል ማወቅ የሚፈልግ ሰው የዋልያስ ባንድን «ቸ በለው» የተባለ አልበም ያድምጥ፤ ይህ አልበም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1977 የታተመ ሲሆን ቤዙን የተጫወተው መላኬ ገብሬ ነው። እንደዚሁም የአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ባልደረባ የነበረው ጆቫኒ ሪኮ በካሴት ዘመን ከታላላቆቹ ድምፃውያን ኋላ ቆሞ ያቀረበውን ታች ታቹን የሚሄድ ዜማ ይስማ። እነዚህ ሰዎች ቤዙን እንደ ምሰሶ ብቻ አላቆሙትም፤ ከድምፃዊው ጋር የሚነጋገር ሁለተኛ ልሳን አደረጉት እንጂ።

ኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ባጠበበት፣ ሲንተሳይዘርም በገባበት ዘመን፣ ወፍራሙ ድምፅ ከቤዝ ጊታር እጅ እየወጣ ወደ ኪቦርድ ተጫዋች ግራ እጅ መሻገር ጀመረ። በባሕር ማዶም እንዲሁ ሆነ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1985 በዋሽንግተን ያሳተመውን ካሴት የሠራው አኮርዲዮንን፣ ሙግ ሲንተሳይዘርን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖንና የምት ማሽንን ብቻውን እየተጫወተ ነበር፤ ውበቱንም ማንም አይክደውም። በዚህ ምክንያት ዛሬ በብዙ ሰርግና በብዙ ጉባኤ አንድ ኪቦርድ ብቻውን የሙሉ ባንድን ሥራ ሲሠራ እናያለን፤ ሕዝቡም ያንን ጠጠር ያለ የሲንተሳይዘር ቤዝ ለምዶታል።

ታዲያ ይህን ታሪክ ለምን አነሣን? በእኛ ፍርድ የኦክታቭ ፔዳል ለኢትዮጵያዊ ቤዝ ተጫዋች ያለው ትልቁ ጥቅም ከዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የኪቦርድ ግራ እጅ የወሰደውን ያንን ወፍራም ድምፅ ወደ ጣትና ወደ ክር ይመልሰዋል፤ ሲመልሰውም ክሩን ስቦ፣ አንሸራትቶ፣ አንቀጥቅጦ የማዜምን ጸጋ፣ ማለትም በኪቦርድ ቁልፍ ላይ እንዲህ በቀላሉ የማይገኘውን ነገር፣ አብሮ ይሰጠዋል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ሣጥኑ ውስጥ እንግባ። ኦክታቭ ፔዳሎች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። አንዱ ወገን አናሎግ፣ ሁለተኛው ዲጂታል ይባላል። ደግመን እንበለው፤ አንዱ አናሎግ፣ ሁለተኛው ዲጂታል። የምርጫው ሁሉ ሥር ይህ ነው።

አናሎጉ የሚሠራው በመቍጠር ነው። በብዙዎቻችሁ እጅ ያለውን፣ ጫፉ ሲጫኑት የሚከፈትና የሚዘጋውን እስክሪብቶ አስቡ፤ አንድ ጊዜ ስትጫኑት ምላሱ ይወጣል፣ ሁለተኛ ስትጫኑት ይገባል፤ ስለዚህ ለአንድ ሙሉ መውጣትና መግባት ሁለት ጊዜ መጫን ግድ ነው። በፔዳሉ ውስጥ ያለው ፍሊፕ-ፍሎፕ የሚባለው ዑደትም እንዲሁ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ እርሱ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለባበጣል። ክሩ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ቢንቀጠቀጥ ከፔዳሉ የሚወጣው አምሳ ይሆናል። አምሳ የመቶ እኩሌታ ነው፤ እኩሌታ ደግሞ ምን ነበር? አንድ ኦክታቭ ወደ ታች።

የዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ዑደት በቤተ ሙከራ ያውቁታል። ሲዲ 4013 የሚባለው ቺፕ በውስጡ ሁለት ፍሊፕ-ፍሎፖች አሉት፤ አንዱን ከሌላው ቢያስከትሉ አንደኛው አንድ ኦክታቭ፣ ሁለተኛው ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለውን ሣጥን በገዛ እጁ ሠርቶ የሚጫወት ተማሪ ከቂሊንጦ ቢነሣ እጅግ ደስ ይለናል።

ይሁን እንጂ በቈጠራ የሚሠራ መሣሪያ በቈጠራ ይሳሳታል። ክር በሚመታበት ጊዜ ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር ሃርሞኒክ የሚባሉ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይነሣሉ፤ እነዚህ ሲበዙ መሣሪያው የቱን እንደሚቈጥር ግራ ይገባውና ድምፁ ይንተባተባል፣ አንዳንዴም ወደ ሌላ ኦክታቭ ዘሎ ይመለሳል። ሁለት ክር በአንድነት የተመታ እንደ ሆነማ ጭራሽ ይደናገራል።

ይህን ለመረዳት በገናን ማሰብ ይጠቅማል። በዐሥሩ የበገና ክሮችና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቍራጮች ይገባሉ፤ ያ ነፍስን የሚያንቀጠቅጥ ጥልቅ ዝማሬ፣ በዐቢይ ጾም ወራት የምንሰማው፣ ክሩ ከእንዚራው ጋር እየተነካካ ከሚያወጣው የብዙ ሃርሞኒክ ጉባኤ የሚገኝ ነው። የሰው ጆሮ ያንን ጉባኤ ሰብስቦ እንደ አንድ ታላቅ ድምፅ ይሰማዋል፤ የሚቈጥረው መሣሪያ ግን እያንዳንዱን ነዘር እንደ አዲስ ምት ሊወስደው ይችላል። እንግዲህ ቤዝ ጊታራችሁ ክሩ ፍሬቱን እየነካ የሚነዝር ከሆነ፣ ፔዳል ከመግዛታችሁ በፊት ጊታሩን አስተካክሉ፤ ያለዚያ ጥፋቱ የጊታሩ ሆኖ ሳለ በፔዳሉ ታመካኛላችሁ።

(ድምፅ፦ ቤዝ ጊታር፣ ወፍራሙ ክር ባዶውን ተመትቶ በአናሎግ ኦክታቭ ሲንተባተብ፤ ከዚያም ያው ክር ከፍ ባለ ቦታ ተይዞ ተመትቶ በጥራት ሲወጣ)

ሰማችሁን? ልዩነቱ የመጣው ከየት ይመስላችኋል?

የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። እኩሌታው 20 ያህል ነው፤ የሰው ጆሮም ከ20 በታች የሆነውን እንደ ድምፅ አይሰማውም። ስለዚህ ባዶውን ወፍራም ክር በኦክታቭ ፔዳል ዝቅ ማድረግ፣ ፔዳሉ ባይሳሳት እንኳ፣ ለጆሮ የሚደርሰው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው። ያንኑ ክር በዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ስትይዙት ግን 82 ይሆናል፤ ፔዳሉ ሲከፍለው ያው 41 ይወጣል፤ እነሆ፣ ጣታችሁ ከላይ ሆና ድምፃችሁ ወደ ታች ወረደ።

ኦክታቭ ፔዳል የረገጠ ሰው እጁን ወደ ጊታሩ አካል ወደሚጠጋው፣ ከፍ ወዳለው የአንገት ክፍል ያስጠጋ። ይህን የምንደጋግመው ብዙ ወጣቶች ፔዳሉን ገዝተው፣ በወትሮው ቦታ በታች በኩል ተጫውተው፣ «አይሠራም» ብለው ስለሚያስቀምጡት ነው። ወደ ላይ ውጡ፤ ፔዳሉ ወደ ታች ያወርዳችኋል።

(አጭር ዕረፍት)

ሁለተኛው ወገን ዲጂታሉ ነው። ይህ ድምፁን ተቀብሎ በቍጥር ከለወጠው በኋላ፣ መርምሮና ከፍ ዝቅ አድርጎ መልሶ ያወጣዋል። ብልጫው ብዙ ክር በአንድ ጊዜ ቢመታ የማይደናገር መሆኑና ወደ ላይም በንጽሕና መውጣቱ ነው፤ የላይኛውንና የታችኛውን ኦክታቭ ከዋናው ጋር ባጣመራችሁት ጊዜ ቤዝ ጊታሩ ወደ ኦርጋን ድምፅ ይቀርባል። ድካሙ ደግሞ መዘግየቱ ነው። በሴኮንድ 41 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አንዲቱን ንቅጥቃጤ ለመፈጸም ብቻ ከሴኮንድ ሺህ ክፍል 24ቱን ይፈጃል፤ መሣሪያው ድምፁ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል። ለዘገምተኛ ትዝታ ይህ አይሰማም። በፈጣን የችክችካ ምት ላይ ግን ከበሮውና ቤዙ እጅና ጓንት መሆን ሲገባቸው፣ ቤዙ በጥቂቱ ኋላ የቀረ ይመስላል።

ወደ መደብር ስትሄዱ የምታገኟቸውን ስሞች ጥቂቶቹን እንንገራችሁ።

ከአናሎጎቹ መካከል ስሙ የገነነው ቦስ ኦሲ-2 ነው፤ የጃፓኑ ድርጅት ከ1982 እስከ 2003 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሠርቶታል። ሦስት ማዞሪያዎች ብቻ አሉት፤ አንዱ ለዋናው ድምፅ፣ አንዱ ለአንድ ኦክታቭ፣ አንዱ ለሁለት ኦክታቭ ዝቅታ። የዌልሱ ቤዝ ተጫዋች ፒኖ ፓላዲኖ በ1980ዎቹ ፍሬት በሌለው ቤዙ ላይ ይህን ፔዳል በመጠቀሙ ብዙዎች ተከተሉት። ድምፁ ጠጠር ያለ፣ ወደ ሲንተሳይዘር የሚያደላ ነው። በ2020 የወጣው ኦሲ-5 ደግሞ ይህን የቀድሞውን ጠባይና ብዙ ድምፅ በአንድነት የሚቀበለውን ዐይነት በአንድ ሣጥን አስማምቶ ይዟል፤ ለጊታርና ለቤዝ የሚለይ መቀየሪያም አለው።

የኤምኤክስአር ቤዝ ኦክታቭ ዲሉክስ የአናሎጉ ወገን ሲሆን፣ የታችኛውን ድምፅ በሁለት የተለያየ ጠባይ ይሰጣል፤ አንዱ የሚያጉረመርም፣ ሁለተኛው ለስላሳና ሙሉ። የኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ማይክሮ ፖግ ከዲጂታሎቹ ወገን ነው፤ ወደ ታችም ወደ ላይም ይሄዳል። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1967 በጊታሩ የተጠቀመበት ኦክታቪያ የሚባለው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ሻካራ ድምፅ ያለው ስለ ሆነ፣ ስሙ ቢመሳሰልም ቤዝ ተጫዋች የሚፈልገው እርሱ አይደለም።

እንግዲህ እኛን ብትጠይቁን የትኛውን እንመርጣለን?

በሰርግ፣ በቡድን ወይም በመዘምራን መካከል ቆሞ አንድ በአንድ የሚሄድ የቤዝ ዜማ ለሚጫወት፣ ይህም የእኛ ሙዚቃ በአብዛኛው የሚጠይቀው ነው፣ የመጀመሪያ ፔዳሉ አናሎግ ይሁን፤ ማዞሪያውም ጥቂት ይሁን። ወዲያው ይመልሳል፣ ምቱን አያዘገይም፣ የሚሳሳትበትም ቦታ የታወቀ ስለ ሆነ እጅ ራሱን ያርማል፤ ይህ እርማት ደግሞ ተጫዋቹን ንጹሕ አመታት ያስተምረዋል። ዲጂታሉን የምንመክረው ኪቦርድ በሌለበት ቡድን ውስጥ የኦርጋንን ቦታ መሙላት ለሚሻ፣ ወይም በቤዝ ጊታሩ ላይ ሁለትና ሦስት ክር አጣምሮ ለሚጫወት ነው። ሁለቱንም በአንድ ሣጥን የሚሰጠው ዐይነት ገንዘቡ ለሚፈቅድለት ሰው መልካም ነው፤ ያልፈቀደለት ግን የጎደለበት ነገር እንዳለ አድርጎ አያዝን።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ፦ ችክችካ ምት፣ ከበሮና ቤዝ)

ከመደብሩ ስትደርሱ ምን ታደርጋላችሁ? በተቻለ መጠን የገዛ ቤዛችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በሌላ ጊታር የተፈተነ ፔዳል በእናንተው ላይ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላልና። የዋናውን ድምፅ ማዞሪያ ፈጽማችሁ ዝጉና የታችኛውን ብቻ ስሙ። ይህ ዋና ነገር ነው፤ ዋናው ድምፅ የተከፈተ እንደ ሆነ የፔዳሉን ጉድለት ሁሉ ይሸፍነዋል።

ከዚያ በኋላ አንድ ድምፅ መትታችሁ እስኪጠፋ ድረስ ጠብቁ፤ በመጨረሻው ላይ ተሰባብሮ የሚጠፋ ወይስ በጸጥታ የሚያልቅ? ቀጥሎ ከፍ ካለው ቦታ ጀምራችሁ አንድ በአንድ ወደ ታች ውረዱ፤ መንተባተብ የሚጀምርበትን ቦታ አስታውሱት። በመጨረሻም የምታውቁትን አንድ ፈጣን ዘፈን ወይም መዝሙር ቤዝ ተጫወቱበት። ሻጩ ይህን ሁሉ እንድታደርጉ ካልፈቀደላችሁ፣ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነውር የለውም።

በአመታትም በኩል ጥቂት ነገር አለ። የማትመቱትን ክር በእጃችሁ መዳፍ ዝም አሰኙት። የቤዙን ቶን ማዞሪያ ዝቅ አድርጉ፤ ቀጫጭኖቹ ሃርሞኒኮች ሲደክሙ ቈጠራው ይቀናል። ወደ አንገቱ የቀረበውን ፒክአፕ ምረጡ፤ እዚያ መሠረታዊው ድምፅ ይጠነክራል። ከሌሎች ፔዳሎች ጋር ስታስከትሉትም ኦክታቩ ከፊት ይሁን፤ ድምፅ የሚያሻክረው ዲስቶርሽን ከኋላው ይምጣ። ከኦክታቩ በፊት ሊቀመጥ የሚችለው የድምፁን ጉልበት መብዛትና ማነስ የሚያስተካክለው ኮምፕረሰር ነው።

ከቡድን ጋር በምትጫወቱበት ጊዜ ደግሞ ከኪቦርዱ ተጫዋች ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእርሱ ግራ እጅ፣ የእናንተ ኦክታቭ፣ የድራሙ ኪክና ከበሮው ሁሉ በአንድ ሥፍራ ቢሰበሰቡ ሕዝቡ የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል። እናንተ በወረዳችሁበት ሰዓት እርሱ ግራ እጁን ያንሣ። ፔዳሉንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ አትያዙት፤ ለአዝማቹ ወይም ምቱ ለሚከብድበት ቦታ ብቻ አስቀሩት።

(አጭር ዕረፍት)

አሁን ደግሞ ስለ መብራት፣ ብዙ ሰው ስለሚዘነጋው ነገር።

እነዚህ ፔዳሎች አብዛኞቹ የሚሠሩት በ9 ቮልት ነው፤ የአዳፕተሩም መሰኪያ ብዙውን ጊዜ መካከሉ ኔጌቲቭ፣ ዙሪያው ፖዘቲቭ ነው። በአዳፕተሩ ላይ የተሣለችውን ትንሽ ምልክት ከፔዳሉ ምልክት ጋር ሳታመሳክሩ አትሰኩ፤ የተገላበጠ እንደ ሆነ ፔዳሉን ሊያቃጥለው ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው አናሎጉ ሌላ ትሩፋት አለው፤ የሚበላው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በአንዲት የ9 ቮልት ባትሪ ብዙ ሰዓት ይሠራል። ዲጂታሎቹ ግን ባትሪን ፈጥነው ይጨርሳሉ፤ አንዳንዶቹም የባትሪ ማስቀመጫ ጭራሽ የላቸውም።

በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ አንድ አደራ አለን። ወፍራም ድምፅ ግድግዳን ከቀጭኑ ይልቅ አልፎ ይሄዳል፤ እናንተ በልክ የምትጫወቱ ሲመስላችሁ፣ ከበታች ያለችው እናት ሕፃኗን ማስተኛት ያቅታታል። ማታ በጆሮ ማዳመጫ ተለማመዱ። ይህ ለትምህርቱም ይበጃል፤ ትንሹ የመለማመጃ አምፕሊፋየር እነዚያን ዝቅተኛ ድምፆች በሚገባ ሊያወጣቸው አይችልምና፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ግን ያሰማችኋል። ትንሹን ስፒከር በኦክታቭ ፔዳል እያስጨነቁ ድምፁን መጨመር ስፒከሩን ሊያበላሸው ይችላል።

የመጨረሻው ነገር ከውጭ አገር ዘመድ ስለሚላክ ፔዳል ነው፤ ብዙዎቻችሁ የምታገኙት በዚህ መንገድ እንደ ሆነ እናውቃለንና። በአሜሪካ የግድግዳ መብራት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። ከዚያ የመጣ አዳፕተር «ከ100 እስከ 240» የሚል ጽሑፍ ከሌለበት በቀር በእኛ ሶኬት ላይ እንዳይሰካ፤ ይቃጠላል፣ ፔዳሉንም ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ፔዳሉን ብቻ አስልኩ፤ አዳፕተሩን እዚሁ ትገዛላችሁ።

ያገለገለ ኦሲ-2 የሚላክላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ በመሰኪያው አጠገብ የተጻፈውን አስነብቡ። «ኤሲኤ» የሚል ከሆነ የቀድሞው ዐይነት ነው፤ ለ12 ቮልት አዳፕተር የተሠራ በመሆኑ በዛሬው የ9 ቮልት አዳፕተር ብቻውን ቢሰካ ኃይል ያንሰዋል፣ ድምፁም ይደክማል። «ፒኤስኤ» የሚል ከሆነ ግን በ9 ቮልቱ በደኅና ይሠራል። ዘመዳችሁ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ያችን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፦ ቤዝ ጊታር ከታችኛው ኦክታቭ ጋር፣ በባቲ ቅኝት፤ እስከ መጨረሻው ይሰማል)